ነጩ ሳህን አረንጓዴ የሆነ ለት

ሰፈሩ በሙሉ «ባለሳህኗ» ይላታል። እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች ስም ስናወጣ ብዙ አንጨነቅም። ወሬ የማይጠግበውን ጀልበኛ «ሬዲዮ» ብለነው ተገላግለናል። እሷ ደግሞ በየቅዳሜው ረፋድ ላይ ነጭ የቆርቆሮ ሳህን በገመድ አስራ ሐይቁ ውስጥ ስለምታወርድ ባለሳህኗ ሆነች፤ አለቀ።

ሥራው ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ሳህኑ ሦስት ቦታ ተበስቷል፤ እንዳይንሳፈፍ ከሥሩ ድንጋይ ታስሮበታል። ገመዱ በየክንዱ አንድ ቋጠሮ አለው። ጀልባዋን ታቆማለች፣ ሳህኑን ትለቃለች፣ ቋጠሮዎቹን እየቆጠረች አቀርቅራ ታያለች። ሳህኑ ከዓይኗ የሚጠፋበት ቋጠሮ የሐይቁ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ውሃው ጤነኛ ነው፤ ሲያንስ አንድ ነገር ገብቶበታል። ይህን ያሳያት ለጥናት የመጣ ሰው ነበር። እሱ ሦስት ቀን ቆይቶ ሄደ፤ እሷ አሥራ ሁለት ዓመት ቀጠለችበት።

ቁጥሩን ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ በቆመው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ትጽፈዋለች። አሥራ አራት። ለዘጠኝ ዓመት አሥራ አራት፤ ዝናብ ሲበረታ ብቻ አሥራ ሁለት። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምናሳየው ሐይቁን ሳይሆን ሰሌዳውን ነበር። ልጁ አንደኛ እንደወጣለት አባት ደረታችንን ነፍተን «አሥራ አራት ነው» እንላለን።

ደንብም አለን። ከውሃው ጫፍ እስከ ሠላሳ እርምጃ ድረስ ሳሙና የለም፣ መኪና ማጠብ የለም፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ መጣል የለም፣ ማዳበሪያ የለም። ሠላሳውን እርምጃ የምትለካው እሷ ናት፣ በራሷ እግር። አንድ ጊዜ የማኅበራችን ሊቀመንበር ሃያ ሰባተኛው እርምጃ ላይ ጎመን ተክሎ ተገኘ።

«በሚስቴ እግር ከተለካ ሠላሳ ይሞላል» ብሎ ተከራከረ።

«እንግዲያው ሚስትህ ትምጣና ትንቀለው» አለችው። በማግስቱ ጎመኑ አልነበረም።

ባሏ ግንበኛ ነበር። ቤት ይሠራል፣ አጥር ይክባል፤ የታወቀው ግን በሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። የሱ ጉድጓድ አይሞላም። ሌላ ሰፈር በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ የፍሳሽ መኪና ይመጣል፣ ቱቦውን ይዘረጋል፣ ሰዉ አፍንጫውን ይይዛል። እኛ ጋ የፍሳሽ መኪና ሾፌር መንገዱን እንኳ አያውቀውም። «መሬቱ ጠጪ ነው፤ ዋናው የት እንደምትቆፍር ማወቅ ነው» ይል ነበር ግንበኛው፣ ጥፍሩ ሥር የደረቀውን ሲሚንቶ በሚስማር እየፈለቀቀ። አመንነው። እኔም አምኜዋለሁ፤ ቤቴ ያለው የሱ ጉድጓድ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው «የገባው የት ሄደ?» ብሎ አልጠየቀም። የማይሞላ ጉድጓድ ላይ ተቀምጠን ጋዜጣ እናነብ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀዝፍላትም እሱ ነበር። ድንጋያማው ጫፍ ከሚባለው ቦታ ማዶ ቢጫ ጀሪካን በድንጋይ አስሮ አንሳፍፏል፤ የመለኪያው ቦታ እዚያ ነው። ለመድረስ ግማሽ ሰዓት መቅዘፍ ያስፈልጋል። «እዚሁ ደጃችን ፊት ለፊት ብለካስ?» ስትለው፣ «ዳር ዳሩ ሸምበቆው ያሳስትሻል፤ ሐይቅ የሚለካው ልቡ ላይ ነው» ይላታል። ወገቡን የሚያመው ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ አልቀረም። የሰፈሩ ሴቶች «ባል እንዲህ ነው» እያሉ የገዛ ባሎቻቸውን በነገር ይወጉበት ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ልቡ ድንገት ቀጥ አለና ሞተ። የሷ ትከሻ እዚያ ማዶ ድረስ አልቀዝፍ አላት። ሌላ ጀሪካን አምጥታ ከጀልባ ማቆሚያው ትንሽ ራቅ አድርጋ፣ ከቤቷ በር የሚታይ ቦታ ላይ አሰረች። ለሁላችንም ነግራናለች። ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም፤ ውሃው ያው አንድ ሐይቅ ነው ብለን።

በአዲሱ ቦታ የመጀመሪያው ቁጥር ዘጠኝ ሆነ።

ክው አለች። በለቅሶ ዓይኔ ደክሞ ይሆናል ብላ፣ ሁለት ቤት አልፋ የምትኖረውን ልጇን ጀልባው ላይ አስቀምጣ ደግማ አወረደች። ዘጠኝ። በወሩ ስምንት። ሰሌዳው ላይ ስትጽፈው ጠመኔው ተሰበረ። እኛም ክው አልን፤ ድንጋጤያችን ግን ወዲያው ወደ ቁጣ ዞረ። ሐይቁን አንድ ሰው ነክቶታል፤ ይህ ሰው ይገኝ።

ሰው ደግሞ ለመገኘት አላስቸገረም። ዳርቻው ላይ የእንግዳ ማረፊያዎቹን አንሶላ የምታጥብ ሴት ነበረች። አረፋ አላት። አረፋ ይታያል። የሚታይ ነገር መክሰስ ደግሞ እንዴት ይቀላል።

ስብሰባው በማኅበሩ አዳራሽ ነበር። ሊቀመንበሩ የቀድሞ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ዛሬም ሰው ሁሉ ዩኒፎርም የለበሰ ይመስለዋል።

«አሥራ አራት የነበረ ስምንት ሲሆን ጥፋተኛ አለ ማለት ነው» አለ። «ተነሺና ተናገሪ።»

አጣቢዋ ተነሳች። «ጌታዬ፣ ደንቡ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ እኔ አርባ አድርጌ ነው የማጥበው። ውሃውን በባልዲ ቀድቼ ሽቅብ እሸከማለሁ። እጣቢውን ራሴ በቆፈርኩት ቦይ ከላይ ሜዳው ላይ ነው የምደፋው። አንዳችሁ መጥታችሁ አይታችኋል?»

«አረፋሽን እኔ ከጀልባ ላይ አየዋለሁ» አለ ሬዲዮ።

«የኔ ስለሚታይ ነዋ። የናንተ የማይታየው የት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ነጭ ልብስ የማደምቅበት ሰማያዊ ዱቄት አለኝ፣ ልስጣችሁ። በየሽንት ቤታችሁ ጨምሩትና የማን ሐይቁ ላይ እንደሚወጣ ቁማችሁ ጠብቁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «የግንበኛው ጉድጓድ የበላውን አይተፋም። ዱቄትሽን ለአንሶላሽ አስቀምጪ» አለ ሬዲዮ።

ባለሳህኗ አልሳቀችም። የሟች ባሏ ሥራ ነው የተነካው። «እሱ አፈሩ ሳይደርቅ ስሙን ከሽንት ቤት ጋር አታንሺብኝ» አለቻትና ከዳርቻው ትውጣ ለሚለው ድምፅ እጇን ከሁሉ ቀድማ አወጣች። ከዚያ የሁሉም እጅ ወጣ። የኔም ወጥቷል፤ አልክደውም። ልክ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ቤቴ ሄጄ ምሳዬን በላሁ።

አጣቢዋ ከእናቷ የወረሰችው ጠፍጣፋ ጥቁር የማጠቢያ ድንጋይ ነበራት፤ ከማሸት ብዛት መሐሉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ከባድ ስለሆነ ትታው ሄደች። ምን አደረግንበት? ሰሌዳው በንፋስ እየዘመመ ስላስቸገረን እግሩ ሥር ቀበርነው። የሐይቁን ንጽሕና የሚያበሥረው ሰሌዳ በሷ ድንጋይ ላይ ቆመ። ያን ለት ይህ ማንንም አላሳፈረም።

አጣቢዋ ሄደች፤ ቁጥሩ አልተነሳም። ስምንት። ስምንት። በሁለተኛው ዓመት ሰባት ተኩል። እኛ «ጊዜ ይፈልጋል» እያልን ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። ባለሳህኗ ግን በየቅዳሜው ቁጥሩን ስትጽፍ ዓይኗ ሰሌዳው እግር ሥር ወደ ወጣው የድንጋይ ጠርዝ ይሄድባት ጀመር። አሥራ ሁለት ዓመት ቁጥር ያመነች ሴት ናት። ቁጥሩ ደግሞ «እሷ አይደለችም» እያላት ነው።

አንድ ቀን ተነስታ ውሃ ልማት ቢሮ ሄደች። እዚያ ያለው ቴክኒሻን የተሰበረ የመሬት ውስጥ ቧንቧ የሚፈልጉበት አረንጓዴ ዱቄት አሳያት። ማንንም አይጎዳም፤ አንድ ማንኪያው አንድ ኩሬ ያቀልማል። በጠርሙስ ይዛ መጣች።

«ቤት ለቤት እንሞክራለን፤ ከኔ ይጀመር» አለችው ሊቀመንበሩን።

«ያንቺን መሞከርማ ዱቄት ማባከን ነው» ብሎ ሳቀ። «ራሱ ግንበኛው የኖረበት ቤት።»

«ለዚህ ነው እኮ ከኔ የሚጀመረው። የሱ ንጹሕ መሆኑን ሰው ይይና ከዚያ የሌላውን በር አንኳኳለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ማንኪያ ዱቄት ሽንት ቤቷ ውስጥ በተነች፤ አሥር ባልዲ ውሃ ከላዩ ደፋች። ሊቀመንበሩን ዳር ላይ አቁማ፣ እስኪሰለቸኝ ቁጭ ከምል ብላ ወደ ጀሪካኗ ቀዘፈች። ሳህኑን ለቀቀች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

አራተኛው ቋጠሮ ላይ ሳህኑ ነጭ አልነበረም።

ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። አረንጓዴ ነው። የቅጠል አረንጓዴ አይደለም፣ የአልጌም አይደለም፤ ከውስጡ የሚያበራ፣ ሐይቅ ውስጥ ታይቶ የማይታወቅ አረንጓዴ። ከሥር ከጨለማው እንደ ጭስ እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ሳህኑን ይከበዋል፣ አልፎት ወደ ጀልባዋ ይመጣል። ገመዱ ከእጇ አመለጠ። አሥራ ሁለት ዓመት ያልለቀቀችው ገመድ ከነሳህኑ ወረደ። እሷ እጆቿን እንደዘረጋች ደርቃ ቀረች።

ጀልባዋ ዳር ስትደርስ ሊቀመንበሩ፣ «ስንት መጣ?» አለ።

«አረንጓዴ።»

«ቁጥሩን ነው የጠየቅኩሽ።»

«እኔም እሱን ነው የነገርኩህ። ዞር በልና እይ።»

ጀሪካኑ ዙሪያ የአንድ ቤት ወለል የሚያህል ውሃ አረንጓዴ ሆኗል። ሊቀመንበሩ አየ። ከዚያ ፊቱ ላይ ሌላ ነገር አየችበት፤ የገዛ ሽንት ቤቱን እያሰበ ነበር። የሱንም የሠራው ግንበኛው ነው።

እሷ ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ የሄደችው ለባሏ ሲቆፍር ወደኖረው ሽማግሌ ነው። ላይ ሰፈር፣ ከበሩ ኋላ አሁንም አካፋ የቆመባት አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራል። አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ከኔ ጉድጓድ የሚወጣ ቱቦ አለ?»

«ከየትኛው ነው የሌለው ብለሽ ጠይቂኝ እንጂ፣ እህቴ።»

«ስንት ነው?»

«ሃያ ሦስት ጉድጓድ ቆፈርን፤ ሃያ ሦስት ቱቦ ቀበርን። ሁሉም እናንተ ደጅ ካለው ትልቁ ቱቦ ጋር ይገናኛል። ትልቁ ሸምበቆውን በሥሩ አልፎ ጥልቁ ላይ ይከፈታል። እኔና እሱ ነን ያሰጠምነው።»

«እንዴት ሃያ ዓመት ዝም ይላሉ?»

«ማን ጠየቀኝ? ሰው ጉድጓዱ አልሞላ ሲለው ግንበኛውን ይመርቃል እንጂ ቆፋሪ አይጠይቅም።»

«እሱስ? እኔ ሳህን ይዤ አጠገቡ ቁጭ ስል፣ እሱ ምን ይል ነበር?»

ሽማግሌው እግሮቹን አየ። «አንቺ መለካት ስትጀምሪ እንቅልፍ አጣ። ‹እንዝጋው› ብሎኝ ነበር። ግን ሃያ ሦስት በር አንኳኩቶ ‹አታለልኳችሁ› ማለት ነው። አንቺንም ጨምሮ። አቃተው። ከዚያ ጀሪካን ይዞ ሄዶ ከድንጋያማው ጫፍ ማዶ አሰረው፤ የቱቦው ውሃ ወደማይደርስበት።»

እዚያው ደጃፉ ላይ፣ መሬት ተቀመጠች። ዘጠኝ ዓመት። የወገቡ ሕመም፣ የመቅዘፊያው ድምፅ፣ «ሐይቅ የሚለካው ልቡ ላይ ነው» ያላት። ሁሉም ሳህኗን ከቱቦው ለማራቅ ነበር። ሐይቁ እሱ ከሞተ በኋላ አልታመመም። ድሮም ታሞ ነበር፤ ያመመውን ቦታ የነካችው ትከሻዋ የደከመ ለት ነው። አሥራ አራታችን፣ ለእንግዳ ስናሳየው የኖርነው አሥራ አራት፣ የሰፈራችን ውሃ ቁጥር ሆኖ አያውቅም።

ይህን ስሰማ እኔ ራሴ ለሁለት ቀን ሽንት ቤቴን ሳየው ሰው የገደልኩ ያህል ነበር የሚሰማኝ። ልጆቻችን የሚዋኙት እኮ እዚያ ነው። በሳሙና አረፋ ሴት ያባረርን ሰዎች፣ በሃያ ሦስት ቱቦ ቀን ከሌት እየላክንበት ነበር። ደግሞ ደንብ አለን። ደግሞ እርምጃ እንለካለን።

ዓርብ ከሰዓት ሊቀመንበሩ ቤቷ መጣ። ልጇም ነበረች። በሩን ከኋላው ዘጋ።

«እስካሁን ያወቅነው አራት ሰዎች ነን» አለ። «እኔ ዝም ማለት እችላለሁ፤ ቆፋሪውም ለምዶታል። ጀሪካኑን ወደ ድሮው ቦታ እንመልሰው። የሚቀዝፍልሽ ሰው እኔ እመድባለሁ። በሳምንቱ አሥራ አራታችን ተመልሶ ይመጣል።»

«አሥራ አራት አለ ወይ?»

«ሰው የሚያየው ሰሌዳውን ነው። ቱቦዎቹን ቀስ ብለን፣ አንድ በአንድ፣ ማንንም ሳናስደነግጥ እንዘጋለን።»

«መቼ?»

«ቀስ ብለን አልኩሽ።»

ልጇ አለቀሰች። «እማዬ፣ ስለ ሰፈሩ አይደለም። አባዬ ሞቷል፤ ቆሞ መልስ መስጠት አይችልም። በሞተ ሰው ላይ እንዴት ትጽፊበታለሽ?»

«ቆሞ መልስ የሚሰጥበት ዘጠኝ ዓመት ነበረው» አለች ባለሳህኗ። ፎቶው ከግድግዳው ላይ እያያት ነው። «እኔም እወደዋለሁ። ይኸው አሁንም እወደዋለሁ፣ ምን ልሁን። ግን ነገ ቅዳሜ ነው፤ ውሸት ጽፌ አላውቅም። ሳላውቅ ጽፌያለሁ። እያወቅኩ አልጽፍም።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እንደ ልማዳችን ቁጥር ልናይ ተሰበሰብን። ጠመኔዋን አወጣች። ቁጥር አልጻፈችም። እንዲህ ጻፈች፦

ሳህኔ ቱቦ አፍ ላይ ወድቋል። ሃያ ሦስት ጉድጓድ ወደ ሐይቁ ይፈስሳል፤ አንደኛው የኔ ነው። የሠራው ባሌ ነው። አጣቢዋ አልነካችውም፤ እጄን ቀድሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከሥሩ ቆፋሪው የነገራትን ቤቶች ዘረዘረች፣ ከላይ ሰፈር እስከ ታች። ሕፃን የታቀፈች ሴት ልጇን ከውሃው በኩል ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረችው፤ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። በመጨረሻ ሬዲዮ፣ «ሰባተኛው የማነው? ከዚህ አልታይ አለኝ» አለ።

«ያንተ ነው» አለችው። ዘጠነኛው የኔ ነበር።

ከዚያ ወደ አጣቢዋ ሄደች። ከከተማው ማዶ፣ በሰው ግቢ፣ ተራ ጠብቃ በምታገኘው ቧንቧ ነው አሁን የምታጥበው። እጇን ከሳፋው አላወጣችም።

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ» አለች። «ሬዲዮ ቀድሞሽ መጥቶ ነግሮኛል። የራሱን ቤት ግን ዘሎታል።»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታሽን ምን ላድርገው? ላጥበው?» አንሶላውን ጠመዘዘችው። «ሁለት ዓመት በሰው ግቢ ‹ውሃ በዛብሽ› ስባል ኖሬያለሁ። የናቴን ድንጋይ መልሱልኝ። ሌላ የምፈልገው የለም።»

«ሰሌዳው ሥር ነው ያለው።»

«አውቃለሁ። ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ።»

በዚያው ዕለት ከሰዓት ባለሳህኗ የሽማግሌውን አካፋ ተውሳ ሰሌዳው እግር ሥር መቆፈር ጀመረች። ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጣ፤ «ሰሌዳው ይወድቃል እኮ» አለ። «ይውደቅ» አለችው። ወደቀ። ድንጋዩን ለብቻዋ ማንቀሳቀስ ሲያቅታት ቆሜ ማየት አቃተኝ፤ ገብቼ ያዝኩላት። ልጇም ዓይኗ እንዳበጠ መጣች፤ አልተነጋገሩም፤ በሌላው ጎን ያዘች። ከውሃው አርባ እርምጃ ላይ፣ አጣቢዋ መጥታ ቆማ በጣቷ ያሳየችን ቦታ ላይ አስቀመጥነው። አመሰግናለሁ አላለችንም። ልትል አይገባትም።

ይህን ስጽፍ ከሃያ ሦስቱ ዘጠኙ ተዘግተዋል። የፍሳሽ መኪናው ሰፈራችንን ሲፈልግ ጠፍቶበት ሦስት ጊዜ ዞሯል። አሥራ አራቱ ደግሞ «በሚቀጥለው ሳምንት» እያሉ ነው፤ እነማን እንደሆኑ ሰሌዳው ላይ ስላለ እዚህ አልደግመውም። ሰሌዳውን ግድግዳ አስደግፈነዋል። ጀሪካኑ ካለበት አልተነቃነቀም። ባለሳህኗ ከማዕድ ቤቷ ሌላ ሳህን በስታ አዲስ ገመድ ቋጥራለች።

ባለፈው ቅዳሜ ከጀልባው ስትወርድ አጣቢዋ ከድንጋይዋ ላይ ሆና ተጣራች።

«ስንት መጣ?»

«ሰባት።»

«ሰባት ብቻ?»

«ሰባት ብቻ።»

አጣቢዋ ሐይቁን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ባልዲዋን አነሳችና ሽቅብ ወደ ቦይዋ ተሸክማው ሄደች።